«በሠዓሊው ስቱዲዮ ውስጥ»፦ ስለ ክርስቲና ሮሴቲ ግጥም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች እንግሊዛዊቷ ገጣሚ ክርስቲና ሮሴቲ በ1856 ስለጻፈችው «ኢን አን አርቲስትስ ስቱዲዮ» ስለተባለ ባለ 14 ስንኝ ግጥም የሚነሡ ናቸው። የግጥሙ ቃላት አብዛኞቹ ቀላል ናቸው፤ መዝገበ ቃላት የሚያስገልጡት ከአራት ወይም ከአምስት አይበልጡም። አንባቢን የሚያስቸግረው ማን ማንን እንደሚያይ፣ መቼ እንደሚያይ፣ የሚታየው ነገር ዛሬም ይኑር አይኑር ለይቶ መያዙ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግጥሙ በአጭሩ ምን ይላል?

በስድ ንባብ ሲፈታ ይህን ይመስላል፦ በሠዓሊው ሸራዎች ሁሉ ላይ አንድ ፊት ወደ እኛ ይመለከታል። ያቺው ሴት አንዱ ሥዕል ላይ ተቀምጣለች፣ ሌላው ላይ ትራመዳለች፣ ሌላው ላይ ተደግፋለች። ከመከለያዎቹ ጀርባ ተሸሽጋ አገኘናት፤ መስታወቱም ውበቷን ሁሉ መልሶ አሳየ። አንዴ የኦፓል ወይም የሩቢ ቀለም ያለው ቀሚስ የለበሰች ንግሥት ናት፤ አንዴ ለምለም አረንጓዴ የለበሰች ስሟ የማይታወቅ ልጃገረድ፤ አንዴ ቅድስት፣ አንዴ መልአክ። ሸራው ሁሉ ግን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያንኑ አንድ ትርጉም ይሰጣል። ሠዓሊው ቀንም ሌሊትም ፊቷን ይመገባል። እሷም በእውነተኛና በደግ ዓይኖቿ መልሳ ታየዋለች፤ እንደ ጨረቃ የተዋበች፣ እንደ ብርሃን ደስ ያላት፣ በመጠበቅ ያልገረጣች፣ በሐዘን ያልደበዘዘች። የተሣለችው አሁን እንዳለችው አይደለም፤ ተስፋ ደምቆ በነበረበት ጊዜ እንደነበረችው ነው። አሁን እንዳለችው አይደለም፤ ሕልሙን እንደምትሞላው ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በስድስተኛው ስንኝ የተጠቀሰው የበጋ አረንጓዴ የእንግሊዝ በጋ ነው፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ፣ ምድሩ በሚለመልምበት ወቅት። በጋ ሲባል ደረቅ ሜዳ የሚታየው የእኛ አገር አንባቢ የልጅቷን ልብስ ከክረምት ማግስት ልምላሜ ጋር ቢያስበው ይቀርባል።

ገጣሚዋ ማን ናት? ስለ ስቱዲዮስ እንዴት አወቀች?

ክርስቲና ሮሴቲ ታኅሣሥ 5 ቀን 1830 ለንደን ተወለደች። አባቷ ገብርኤሌ ሮሴቲ በፖለቲካ ምክንያት ከጣሊያን የተሰደዱ ገጣሚ ሲሆኑ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ጣሊያንኛ ያስተምሩ ነበር። ከአራቱ ልጆች የመጨረሻዋ እሷ ናት። ታላቅ ወንድሟ ዳንቴ ገብርኤል ሠዓሊም ገጣሚም ነበር፤ በ1848 «ፕሪ ራፋኤላይት ወንድማማቾች» የተባለውን የሠዓሊያን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው። ሌላው ወንድሟ ዊሊያም ማይክል የዚሁ ማኅበር አባል ነበር፤ በኋላም የቤተሰቡን ጽሑፎች ሰብስቦ ያሳተመው እሱ ነው።

ግጥሙን ለመረዳት ከሕይወት ታሪኳ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ክርስቲና ራሷ ለወንድሟ ሞዴል ሆና መቀመጧ ነው። በ1849 ለእይታ የቀረበው የማርያም ልጅነት ሥዕልና በቀጣዩ ዓመት የታየው የብሥራት ሥዕል ሁለቱም ላይ ድንግል ማርያም የተሣለችው በእሷ ፊት ነው። ለሰዓታት ሳይነቃነቁ መቀመጥ፣ መታየት፣ ከዚያ ሸራው ላይ ሌላ ሰው ሆኖ መገኘት ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ግጥሙ ውስጥ «ቅድስት» የሚለው ቃል ሲመጣ ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው።

በሥዕሎቹ ላይ ያለችው ሴት ማን ናት?

ግጥሙ ስሟን አይናገርም። ስም አለመኖሩም የግጥሙ አካል ነው፤ «ስሟ የማይታወቅ ልጃገረድ» የሚለው ሐረግ እዚያው ተቀምጧል። ዊሊያም ማይክል ግጥሙን በ1896 ሲያሳትም ነገሩ የወንድማችንን ስቱዲዮና ደጋግሞ የሣላትን፣ በኋላ ያገባትን ሚስ ሲዳልን የሚመለከት «ይመስላል» የሚል ማስታወሻ ጨመረ። «ይመስላል» ማለቱን አይዝለሉት። የቤቱ ሰው ሆኖም ቃሉን አለዝቦ ነው የጻፈው።

ኤልሳቤጥ ሲዳል በ1829 ተወለደች። ለበርካታ ሠዓሊያን ሞዴል ሆናለች። በ1851 እና 1852 ጆን ኤቨረት ሚሌይ ወንዝ ላይ የምትንሳፈፈውን ኦፊሊያን ሲሥል ልብሷን እንደለበሰች ውኃ በሞላ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ የተኛችው እሷ ናት፤ ውኃውን ከሥር የሚያሞቁት መብራቶች ጠፍተው ክፉኛ ታመመች። ከዚያ በኋላ ዳንቴ ገብርኤል ለብቻው ደጋግሞ ይሥላት ጀመር። ሠዓሊው ፎርድ ማዶክስ ብራውን በ1855 ዳንቴ ገብርኤል እሷን በሣለባቸው ሥዕሎች የተሞላ መሳቢያ እንዳሳየው በማስታወሻ ደብተሩ ላይ መዝግቧል። ስለዚህ «በሸራዎቹ ሁሉ አንድ ፊት» የሚለው ስንኝ ማጋነን ቢመስልም የቤቱን እውነት ያህል ነው።

እሷ ራሷ ሠዓሊና ገጣሚ እንደነበረች በብዙ ማብራሪያዎች ላይ ይረሳል። ሐያሲው ጆን ረስኪን በ1855 ሥራዎቿን ለመውሰድ በዓመት 150 ፓውንድ ሊከፍላት ተስማምቶ ነበር፤ በ1857 ለንደን ውስጥ በተካሄደው የማኅበሩ ሠዓሊያን ኤግዚቢሽን ላይም ሥራዋን ያቀረበች ብቸኛ ሴት ነበረች። ግጥሙ ውስጥ ግን ብሩሽ አትይዝም፣ አትናገርም። ይህ ክፍተት ከየት እንደመጣ ከታች እንመለስበታለን።

ግጥሙ ሲጻፍ ሞታ ነበር?

አልሞተችም፤ በጣም የተለመደው ስህተትም ይህ ነው። በግጥሙ ላይ የተጻፈው ቀን ታኅሣሥ 24 ቀን 1856 ነው። ኤልሳቤጥ ዳንቴ ገብርኤልን ያገባችው ግንቦት 23 ቀን 1860 ሄስቲንግስ በተባለችው የባሕር ዳር ከተማ ነው፤ በ1861 ሞታ የተወለደች ልጅ ወለደች፤ የካቲት 11 ቀን 1862 ላውደነም የተባለውን የኦፒየም መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስዳ ሞተች። ባልየው የግጥሞቹን ረቂቅ ከሬሳዋ ጋር ሃይጌት መቃብር ውስጥ መቅበሩ፣ በ1869 መቃብሩን አስከፍቶ ማውጣቱ፣ «ቤያታ ቤያትሪክስ» የተባለውን የመታሰቢያ ሥዕል መሥራቱ ሁሉ ከግጥሙ በኋላ የመጣ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሙሾ አድርገው ካነበቡት የመጨረሻዎቹ ስንኞች «ሞተች፣ እሱ ግን በሕይወት እንደነበረች ያስታውሳታል» የሚል የዋህ ትርጉም ይይዛሉ። ግጥሙ ግን «አሁን እንዳለችው» ይላል። አለች። ምናልባትም ክፍሉ ውስጥ ናት። በሕይወት ያለች ሴት እያለች የሚታሰበው ያለፈው መልኳ መሆኑ ነው ግጥሙን የሚያሳምመው።

ውበቷ የደበዘዘው በእርጅና ነው?

ኤልሳቤጥ በ1856 መጨረሻ ገና 27 ዓመቷ ነበር። ግጥሙን ብቻ ይዘን ብናነብም ሽበት፣ የቆዳ መጨማደድ፣ የዓመታት ብዛት የሚል ነገር የለም። የተጠቀሱት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ መጠበቅና ሐዘን። የመጀመሪያው አገርጥቷታል፣ ሁለተኛው ብርሃኗን ቀንሶታል። ከእነሱ በፊት የነበረው «ተስፋ ደምቆ የነበረበት ጊዜ» ነው።

ምንን ነው የጠበቀችው? ግጥሙ አይነግረንም። የሕይወት ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ለዓመታት ሲጓተት የቆየውን ጋብቻ ያስባል፤ በቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ከአንድ ወንድ ጋር ስሟ ለዓመታት ተያይዞ ያላገባች ሴት በሰው ፊት የነበራት ቦታ ቀላል አልነበረም። ይህ ጥሩ ግምት ነው፤ ሲጽፉ ግን ግምት መሆኑን ይግለጹ።

የግጥሙ ቅርጽ ምን ይባላል? ማወቁስ ምን ይጠቅማል?

የጣሊያን ወይም የፔትራርካ ሶኔት ይባላል። 14 ስንኝ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ 8 አንድ ክፍል፣ የቀሩት 6 ሌላ ክፍል ናቸው። እያንዳንዱ ስንኝ 10 ቀለም (የድምፅ ክፍል) ያህል ሲሆን በአብዛኛው አንድ ቀላል ቀለም አንድ ጠንካራ ቀለም እየተከተለው አምስት ጊዜ ይመታል። የመጀመሪያው ስንኝ ግን «ዋን ፌስ» ብሎ በሁለት ጠንካራ ቀለም ይከፈታል፤ ጮክ ብለው ሲያነቡት ይሰማል።

ቅርጹ ቀጥታ ሥራ አለው። በመጀመሪያዎቹ ስምንት ስንኞች ያሉት ዕቃዎችና ሥዕሎች ናቸው፤ ሸራ፣ መከለያ፣ መስታወት፣ ቀሚስ። ሠዓሊው «የእሱ ሸራዎች» ከመባሉ በቀር የለም። ዘጠነኛው ስንኝ ላይ «እሱ» ብሎ ገብቶ ሰውየውና ሴትየዋ ፊት ለፊት ይተያያሉ። መታጠፊያው ይህ ነው። አሥራ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ደግሞ ሁለተኛ መታጠፊያ አለ፤ ብዙ ማብራሪያዎች አንዱን ብቻ ጠቅሰው ያልፋሉ፤ እኛ ግን ከሁለቱ ጠንካራው የኋለኛው ነው እንላለን።

ቤት አመታቱን በተመለከተ አማርኛ ለለመደ ጆሮ የሚያመልጥ ነገር አለ። በመጨረሻው ክፍል 10ኛው፣ 12ኛውና 14ኛው ስንኞች «ሂም»፣ «ዲም»፣ «ድሪም» በሚሉ ቃላት ያልቃሉ። በእኛ ልማድ ሦስቱም በ«ም» ስለሚያልቁ ቤት መቱ እንላለን። እንግሊዝኛው ግን ከመጨረሻው ተነባቢ በፊት ያለው አናባቢም እንዲገጥም ይጠብቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አጭር ናቸው፣ ሦስተኛው ረጅም ነው። ስለዚህ የግጥሙ የመጨረሻ ቃል፣ «ሕልም» የሚለው፣ ቤቱን አጥርቶ አይመታም። ስንኞቹ ሁሉ እንደ ሸራዎቹ ሲመሳሰሉ ቆይተው ሕልሙ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ይዛነፋሉ። እንግሊዝኛውን የሚያነብ ሰው ካለ ሦስቱን ቃላት ተራ በተራ ያስነብቡትና ይስሙት።

«አገኘናት» የሚሉት እነማን ናቸው? ያገኙትስ ማንን ነው?

«እኛ» የሚለው በግጥሙ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሦስተኛው ስንኝ ይመጣል። ስቱዲዮውን የጎበኙ ሰዎች ናቸው፤ ከአንድ በላይ መሆናቸውን እንጂ ሌላ አናውቅም። ሠዓሊው አብሯቸው መኖሩ አልተገለጸም። አነጋገሩም ተደብቆ የነበረን ነገር የመግለጥ ነው፤ «ከመከለያዎቹ ጀርባ ተሸሽጋ»።

ያገኙት ሥዕል ነው ወይስ ሴትየዋ ራሷ? አብዛኛው አንባቢ ግድግዳው ላይ ተደግፈው ከመከለያ ጀርባ የተቀመጡ ሸራዎች ብሎ ይወስደዋል። ትክክለኛ ንባብ ነው። ሰዋስዉ ግን በሕይወት ያለችውንም አይከለክልም፤ ሞዴሎች ልብስ የሚቀይሩት ከመከለያ ጀርባ ነው፣ ቀጥሎ የመጣው መስታወትም ሥዕልን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ያሳያል። ክርስቲና አልለየችውም። ክፍሉ ውስጥ የገባ ሰው ሥዕሉን ከሴቲቱ መለየት የሚያቅተው ያህል ሥዕሉ ሴቲቱን ተክቷታል። አንዱን መርጦ ሌላውን መዝጋት ግጥሙን ያጠብበዋል።

«ፊቷን ይመገባል» ማለት ምን ማለት ነው?

ግጥሙ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ግሥ ይህ ነው። ከእሱ በፊት ያሉት ግሦች የዋህ ናቸው፤ ያያል፣ ይቀመጣል፣ ይራመዳል። በድንገት መብል ይመጣል፤ ያውም «ቀንም ሌሊትም»።

ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይዟል። አንደኛው ፍቅር ነው፤ ዓይኑ ከእሷ አይጠግብም፣ ያለ እሷ መኖር አይችልም። ሁለተኛው የሚበላ ነገር ያልቃል የሚለው ነው። እሱ ሲጠግብ እሷ ምን ትሆናለች? ጥቂት ስንኝ ወርደን መገርጣቷንና መደብዘዟን ስናገኝ ይህ ጥያቄ ይመለስብናል። ዛሬ ብዙ ተንታኞች ሠዓሊውን ደም እንደሚመጥ ፍጡር አድርገው ይጽፋሉ። ቃሉ ለዚያ በር ይከፍታል፤ ነገር ግን ወዲያው «እሷም በእውነተኛና በደግ ዓይኖቿ መልሳ ታየዋለች» የሚል ስንኝ ስለሚከተል ጭካኔን ብቻ ማንበብ የግጥሙን ሚዛን ይሰብራል። እንግሊዝኛው ላይ «እውነተኛ»፣ «ደግ»፣ «ዓይኖች» የሚሉት ሦስት ቃላት እያንዳንዳቸው አንድ ቀለም ሆነው ተከታትለው ጠንክረው ይነበባሉ፤ ድምፁ እዚያ ዝግ ይላል። ጥያቄው ይህን ደግነት የሚያሳየው የተሣለው ዓይን ነው ወይስ የሴቲቱ ነው? እሱ የሣለው ዓይን ከሆነ፣ መልሶ የሚያየው የገዛ ምኞቱ ነው።

የጨረቃውና የብርሃኑ ምሳሌ ከየት መጣ?

ከመጽሐፍ ቅዱስ። በመኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን 6፥10 ላይ ሙሽሪት በጨረቃና በፀሐይ ትመሰላለች። ክርስቲና በእምነቷ ጽኑ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበረች፤ የቪክቶሪያ ዘመን አንባቢም ጥቅሱን ወዲያው ይለየዋል። መኃልይን የሚያውቅ የእኛ አንባቢም እንዲሁ። እሷ ግን ጨረቃውን ይዛ ፀሐይን በ«ብርሃን» ተክታዋለች፣ «የጠራች» የሚለውንም «ደስ ያላት» አድርጋዋለች። በመኃልይ ይህ የሙሽራ ውዳሴ ነው። እዚህ የሚወደሰው ሥዕሉ ነው፤ ሴቲቱ ሙሽራ አልሆነችም። የጥቅሱ ክብደት ያለው እዚያ ላይ ነው።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ስንኞች እንዴት ልረዳቸው?

በዝግታ፣ አሉታውን እየቆጠሩ። በሦስቱ ስንኞች ውስጥ «ኖት» የሚለው የእንግሊዝኛ አፍራሽ ቃል አራት ጊዜ ይመጣል፤ ሁለቴ በ12ኛው፣ አንዴ አንዴ በ13ኛውና በ14ኛው። ከዚያ በፊት በግጥሙ ውስጥ አንድም ጊዜ አልመጣም።

12ኛው ስንኝ ሥዕሉ የሌለውን ይነግረናል፤ መገርጣት የለም፣ የሐዘን ጥላ የለም። ሥዕሉ ላይ ስለሌለ ነገር ለምን ይነገራል? ሴቲቱ ላይ ስላለ ነው። ገጣሚዋ የሴቲቱን መልክ ቀጥታ አንድም ጊዜ አትገልጽልንም፤ የምናውቀው ሥዕሉ በተወው ነገር ብቻ ነው። ይህን ያስተዋለ አንባቢ የግጥሙን ቁልፍ ይዟል።

13ኛውና 14ኛው በአንድ ዓይነት ቃላት ይጀምራሉ፤ «አሁን እንዳለችው አይደለም»። ሁለተኛው አጋማሻቸው ግን የተለያየ ነው። አንዱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የነበረችውን ሴት ያስባል፤ እሷ በእውነት ነበረች። ሌላው ወደ ሕልም ይሄዳል፤ የሕልሙ ሴት ነበረችም አልነበረችም አይባልም። ከትዝታ ወደ ምናብ በአንድ ስንኝ ይሻገራል። ሁለቱን «ያው ነው፣ ደገመችው» ብሎ ማለፍ ከባድ ስህተት ነው፤ ድግግሞሹ የተቀመጠው ልዩነቱ እንዲታይ ነው። ቅደም ተከተሉንም ያስተውሉ። ግጥሙ ትዝታው ላይ ቢያልቅ ሠዓሊው ታማኝ አስታዋሽ ይሆን ነበር። ያለቀው ሕልሙ ላይ ነው፤ ያውም «የእሱ» ሕልም።

ታዲያ ይህ የትዝታ ግጥም ነው?

ነው፤ ግን ከለመድነው ትዝታ ይለያል። በትዝታ ዜማዎቻችን የሚያስታውሰው ሰው ከሚወደው ተለይቷል፤ ርቀቱ ወይም ሞቱ ትዝታውን ይወልዳል። እዚህ የሚታወሰው ሰው አልሄደም። ትዝታው ራሱ ነው በመካከላቸው የቆመው።

ይህን በግሦቹ ጊዜ ማየት ይቻላል። ግጥሙ በአብዛኛው የአሁን ጊዜ ነው፤ ያለፈ ጊዜ የሚመጣው ጎብኚዎቹ ባገኟት፣ መስታወቱ መልሶ ባሳየ፣ እሷ «በነበረች» እና ተስፋ «በደመቀ» ቦታ ብቻ ነው። ሴቲቱና መስታወቱ፣ ማለትም እውነተኛ መልኳን ሊያሳዩ የሚችሉት፣ ባለፈ ጊዜ ቀርተዋል፤ ሥዕሎቹና የሠዓሊው መብል ግን ሁልጊዜ አሁን ናቸው።

ሰምና ወርቅ አለው ማለት ይቻላል?

በጥብቅ ትርጉሙ አይቻልም፤ በአንድ ኅብረ ቃል ሁለት ነገር የሚያሸክም አሠራር የለውም። ከላይ የሥዕል አድናቆት፣ ከሥር ሐዘን መኖሩ እውነት ነው፤ ያ የሚወጣው ግን በቃል ፍቺ ሳይሆን ከላይ እንዳየነው በተነገረውና ባልተነገረው መካከል ነው።

ክርስቲና ወንድሟን እየወቀሰች ነው?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፤ መልሱም በአንድ ቃል አይሆንም። ግጥሙ ውስጥ የወቀሳ ቃል የለም። «ጨካኝ»፣ «ራስ ወዳድ» የሚል የለም። «አንድ» የሚለው ቁጥር በመጀመሪያው፣ በሁለተኛውና በስምንተኛው ስንኝ ላይ መደጋገሙ፣ «ሳይጨምር ሳይቀንስ» የሚለው ፍርድ ግን አድናቆት ብቻ አይመስልም፤ ንግሥትም ትሁን ቅድስት ትርጉሙ ያው ከሆነ እነዚያ ልብሶች ሁሉ ምን ጨመሩ? ግጥሙን በሕይወት ዘመኗ አላሳተመችውም፤ ለአንባቢ የደረሰው እሷ በ1894 ካረፈች በኋላ ነው። ያ ጥንቃቄ ይሁን ሌላ ምክንያት የሚያረጋግጥልን የለም። የእኛ ንባብ ሁለቱንም ታያለች የሚል ነው፤ የወንድሟን ፍቅር ጥልቀት ታያለች፣ ያ ፍቅር የማያየውን ሴትም ታያለች። ሴቲቱ በግጥሙ ውስጥ ዝም ማለቷም ከዚህ ይመጣል ብለን እናምናለን፤ ሸራዎቹ ያላናገሯትን ግጥሙ አናገርኳት ብሎ አያስመስልም።

ለማንበብ የሚጠቅም አሠራር አለ?

መጀመሪያ ማስታወሻም ማብራሪያም ሳያዩ ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ አንዱ ንባብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ እርሳስ ይያዙና ከስምንተኛው ስንኝ በታችና ከአሥራ አንደኛው በታች መስመር ያስምሩ፤ ግጥሙ በሦስት ይከፈልልዎታል። «አንድ» እና «ያው» የሚሉትን ቃላት ሁሉ ያክብቡ፤ አሉታዎቹን ያስምሩባቸው። ክቦቹ በብዛት ከላይ፣ አሉታዎቹ ሁሉ ከታች ሲሰበሰቡ በዓይንዎ ያያሉ። በመጨረሻ እያንዳንዱ «እሷ» ሥዕሉን ወይስ ሴቲቱን እንደሚያመለክት ዳር ላይ ይጻፉ። እርግጠኛ ያልሆኑበት ቦታ ጥያቄ ምልክት ያድርጉ፤ እነዚያ ቦታዎች ናቸው ስለ ግጥሙ ሊጻፍ የሚገባው።

ሥዕሎቹን ማየት ከሁለተኛው ንባብ በኋላ ይሁን። ኤልሳቤጥ ሲዳል በ1853 እና 1854 የሠራችውን የራሷን ምስል፣ ትንሽ ክብ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው፣ ዳንቴ ገብርኤል ከሣላት አጠገብ አድርገው ይመልከቱ። የእሱ ሥዕሎች ላይ ዓይኗ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ያዘነበለ ነው፤ የራሷ ላይ ፊቷ ጠንከር ያለ፣ ያልተኳለ ነው። ይህን ካዩ በኋላ «አሁን እንዳለችው» የሚለው ሐረግ የሚታይ ፊት ያገኛል።

ድርሰት ስጽፍ ነጥብ የሚያስቀንሱብኝ ስህተቶች የትኞቹ ናቸው?

ከሁሉ የሚበዛው የሕይወት ታሪኩን በግጥሙ ቦታ መጻፍ ነው። ሁለት ገጽ ስለ ላውደነምና ስለ መቃብሩ መከፈት ጽፎ አንድም ስንኝ ያልጠቀሰ ድርሰት ስለ ግጥሙ አልጻፈም። ለታሪኩ አንድ አንቀጽ ይበቃል፤ እሱም ከ1856 በፊት ያለውን ይያዝ። ቀጥሎ የሚመጣው ተናጋሪውን «ክርስቲና» ማለት ነው፤ «ተናጋሪው» ወይም «ጎብኚዎቹ» ማለት ይሻላል። ሌላው የቤት አመታቱን በፊደል ቀመር ዘርዝሮ ምን እንደሚሠራ ሳይናገሩ መተው ነው። «ድሪም» ላይ የሚሆነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ከሙሉ ዝርዝሩ ይበልጣል።

ከየትኞቹ ግጥሞች ጋር ላነጻጽረው?

ሮበርት ብራውኒንግ በ1842 ያሳተመው የመስፍኑ ግጥም፣ «ማይ ላስት ደቸስ»፣ ቀዳሚው ምርጫ ነው። 56 ስንኝ አለው፤ መስፍኑ የሞተች ሚስቱን ሥዕል ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጦ ራሱ ብቻ ይገልጠዋል። እዚያ ባለቤቱ ይናገራል፣ እዚህ ጎብኚው፤ እዚያ ሴቲቱ ሞታለች፣ እዚህ አለች። መከለያውና መጋረጃው ጥሩ መነሻ ይሆናሉ።

የክርስቲናን የራሷን «ሪሜምበር» የተባለ ሶኔት (በ1849 የተጻፈ፣ በ1862 የታተመ) ካነጻጸሩ በዚያ የምትታወሰው ሴት ራሷ ስትናገር ያገኟታል፤ አስታውሶ ከማዘን ረስቶ መደሰት እንደሚሻል ትናገራለች። ሦስተኛው የኤልሳቤጥ ሲዳል «ዘ ለስት ኦቭ ዘ አይስ» ነው። ተናጋሪው ወንድ የእመቤቱ ነፍስ እንደማይገደው፣ ውበቷ ኃይሉን ሲያጣ የት እንደምትደርስም እንደማያስጨንቀው ይናገራል። ሞዴሏ ራሷ ስለሚመለከታት ዓይን የጻፈችው በመሆኑ ከሦስቱ ሁሉ ይህን እናስቀድማለን፤ አጭር ነው፣ በአንድ ቁጭታ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ይቻላል።

የትኛውን ቅጂ ልጠቀም?

ግጥሙ የታተመው በ1896 ስለሆነ የባለቤትነት መብት ገደብ የለበትም፤ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። ችግሩ ሥርዓተ ነጥብ ነው፤ በተለይ ሰባተኛው ስንኝ ላይ «መልአክ» ከሚለው በኋላ ያለው ሰረዝ በአንዳንድ ገጾች በሌላ ምልክት ይተካል። ለጥናት ከሆነ ሬቤካ ክረምፕ በሦስት ቅጽ ያዘጋጀችውን የክርስቲና ሮሴቲ ሙሉ የግጥሞች እትም ይጠቀሙ፤ የእጅ ጽሑፍና የኅትመት ልዩነቶችን መዝግቧል። እሱ ካልተገኘ ከሁለት የተለያዩ ምንጮች ያነጻጽሩና 14 ስንኞች መኖራቸውን፣ 13ኛውና 14ኛው ስንኝ አለመገለባበጣቸውን ያረጋግጡ።